ስሙን ለጊዜው ተዉት

የክበባችን ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ ከመናገሻ ሱባ ደን ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ የተቀመጣችሁት ስንት ዓይነት ተክል እንዳገኛችሁ ስትፎካከሩ ሰማሁ። አንዷ «ሠላሳ አንድ» ስትል ሌላው «እኔ አርባ ሁለት» አለ። ስልኩን ወደ ቅጠሉ ታዞራላችሁ፣ ስልኩ ስም ይነግራችኋል፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። አልተቆጣሁም፤ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረኝ እኔም ከእጄ አልለየውም ነበር። ግን ባለ አርባ ሁለቱን ልጅ ጠጋ ብዬ «የወይራ ቅጠል ጀርባው ምን ይመስላል?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ወይራ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ቅጠሉን ግን አልገለበጠውም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ያልተገለበጠ ቅጠል ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ተክል ስለቅም፣ በጋዜጣ መሐል ሳደርቅ፣ በወረቀት ላይ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። በእኛ ሥራ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር አለ፦ ቅርንጫፉን ጋዜጣው ላይ ስታስተኛው ቢያንስ አንዱን ቅጠል ገልብጠህ አስተኛ። ተክሉ ከደረቀና ከተለጠፈ በኋላ ጀርባውን ማየት አይቻልማ! የወይራ ቅጠል ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ብርማ፣ አንዳንዴም ወርቅ የነካው ቡናማ። እንጦጦ ላይ ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ድንገት መልኩን የሚለውጠው በዚህ ነው። የወተት ቅል በወይራ ስታጥን የኖረች እናት ይህን ከሩቅ ትለያለች፤ ስልክ አልጠየቀችም።

ስም ማወቅ ምን ያህል እንደሚያታልል የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ደብረ ሲና አካባቢ ተማሪዎች ይዤ ወጥቼ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ቆምኩ። የላቲን ስሙን ተናገርኩ፣ ከጽጌረዳ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ተናገርኩ፣ ከዚያ ወደተንዠረገገው አበባ እየጠቆምኩ «አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት ይኸውላችሁ ይህንን ነው» አልኩ። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም አሉና ሳቁ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ወንዱ ነው። ሴቷ ማዶ ናት።»

እውነትም ማዶ ነበረች። የሷ አበባ ቀላ ያለ፣ ከበድ ብሎ የተንጠለጠለ ነው፤ እኔ የቆምኩበት ግን ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፍ ነው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገውም የሴቷ አበባ ነው። (መጠኑ ሲበዛ ጉዳቱ ከባድ ነውና ማናችሁም እንዳትሞክሩት።) ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፣ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። የናሙናዬ ወረቀት ላይ የሰፈረውም ስም አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ዛፉን ግን አላየሁትም ነበር፤ ስሙን ስላወቅኩ ያየሁት መስሎኝ ነው።

እንዶድን ደግሞ ተመልከቱ። ስሙን የማያውቅ ማን ነበር? ሳሙና ከመግባቱ በፊትም በኋላም አገሬው ልብሱን ያጥብበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ፣ ጥገኛ ትል ስለሚያመጣው በሽታ፣ ሲያጠኑ ዓድዋ ላይ አንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ውኃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። እንዶዱም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ወንዙም ድሮ የነበሩ ናቸው። አዲስ የሆነው ቆሞ ያየ ሰው መገኘቱ ነው።

ቋንቋችንም ያስተዋሉ ሰዎች የሠሩት ነው። «ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና» ስንል እንስቃለን። ያን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው ግን ብሳና ፈልጦ፣ ቤት ሠርቶበት፣ ዱቄቱ ሲረግፍ አይቶ መሆን አለበት። እኛ ተረቱን ወረስን፤ ብሳናን ከነ ቅጠሉ አቁመው ቢያሳዩን ስንቶቻችን እንለየዋለን? ሊረግፍ የደረሰ ቅጠሉ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ከመንገድ ዳር ፈልጉት።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ልመለስ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ፣ እርሳስም፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ያለቅሳል። እዚያው ተክሉ ሥር ሆናችሁ የምትጽፉት ሲደርቅ የሚጠፋውን ነው፦ የአበባውን ቀለም፣ ሽታውን፣ ቁመቱን፣ ሲቆረጥ ፈሳሽ ይወጣው እንደሆነ፣ ከምን ጎን እንደበቀለ። ቦታው፣ ቀኑና ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም አይቅር። አገሬው ምን እንደሚለው ጠይቁና እንደሰማችሁት ጻፉ። «ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ» የሚባለውን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ጋዜጣውን ስከፍት ሰማያዊ የነበረው አበባ ቡናማ ሆኗል፣ ከሁለቱ ሸለቆዎች ከየትኛው እንዳመጣሁትም ጠፋብኝ። ጣልኩት። ያ ተክል በከንቱ ተቆረጠ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

መቁረጥ ካነሳሁ፣ ያለ ፈቃድ አትቁረጡ፣ ከሥሩ አትንቀሉ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ፤ ብዙ ጊዜ ከእኔ ንግግር የሚበልጥ ነገር የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው።

በየወሩ አዲስ ቦታ መሄድ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ ፎቶውም ያምራል። እኔ ግን መናገሻን በዓመት አራት ጊዜ ብናየው እመርጣለሁ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር መጥቶ ተተከለበት የሚባል ደን ነው፤ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ከታች ጽዱና ዝግባው አለ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶው፣ ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ስትጠጉ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ። ባለፈው እኛ ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር አላለፍንም፤ ምሳ ደርሶብን ነበር። በመስከረም ደግሞ አደይ አበባ ላይ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ተንበርከኩ። አንድ አበባ የምትሉት አንድ አይደለም፤ መሐሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፣ ዘር የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫዎች ዘር አይሰጡም፤ ነፍሳቱን ይጠራሉ። ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ እቅፍ አድርገን የምንይዘው አበባ እኮ ነው!

ቅዳሜ ቅዳሜ በክበባችን እንግዳ ጠርተን ስለምንሰማው ንግግርም አንድ ነገር ልበል። ሰማንያ ስላይድ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ከእንግዲህ አትጥሩብኝ፤ መብራት ሲጠፋ ግማሹ ይተኛል፣ እኔም ጭምር። ሦስት ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሁሉም ይንካው፣ ያሽተው፣ ይጣላበት።

ስም አትማሩ ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያና ኤርትራ 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏቸው፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ ቦታ አይበቅልም። እነዚህን ለይቶ በመጻሕፍት ለማስፈር ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የዚያ ሥራ መነሻ እያንዳንዱን ደረቅ ቅጠል ያገላበጠ ሰው ነው። አራት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበትን ቤት፣ እንጎብኝ ብላችሁ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ ተክል በራሳችሁ ቃል ግማሽ ገጽ ገልጻችሁ አምጡ፣ ስሙን ሳትጽፉ። ጓደኛችሁ አንብቦ ካወቀው አይታችሁታል ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ አንድ የሐበሻ ጽድ ቅርንጫፍ ይዤ እመጣለሁ። ጽድም እንደ ኮሶ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ግን አልነግራችሁም። ስልኮቻችሁን በሩ አጠገብ ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ የኔንም አስቀምጣለሁ።