ቀዩ ሳህን የማን ነው?

ጥያቄ፦ በአሜሪካዊቷ ደራሲ በኢዲት ዋርተን «ኤታን ፍሮም» ውስጥ ኤታን እቤታቸው የምታገለግለውን የሚስቱን ዘመድ ማቲን እየወደደ ሚስቱን ዚናን ትቶ የማይሄደው ለምንድን ነው? አንድ የተሰበረ ሳህንስ ይህን ያህል ቦታ ለምን ተሰጠው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኤታንን ወኔ ቢስ ብሎ መፍረድ ይከብደኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 የታተመው ይህ አጭር ልቦለድ የድህነቱን ልክ በዝርዝር ያሳየናል። እርሻውም የእንጨት መሰንጠቂያውም በዕዳ ተይዘዋል፤ የባቡር መሳፈሪያ እንኳ የለውም። እንጨት ከሚገዛው ከሄል በሚስቱ ሕመም አሳብቦ 50 ዶላር ሊጠይቅ ይነሣል፤ የሄል ባለቤት መንገድ ላይ አግኝታ በደግ ቃል ስታጽናናው ግን አፍሮ ይመለሳል። ለእኔ የኤታን ማንነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የማሳቹሴትስ ክረምትም በበረዶው ደጁን ይዘጋበታል።

ሳህኑ ከቀይ ብርጭቆ የተሠራ ነው፤ ለዚና የተሰጠ የሰርግ ስጦታ። ለእንግዳ እንኳ አይወጣም። ማቲ ግን ዚና ከቤት ውጭ ባደረችበት ምሽት ለኤታን እራት ታቀርብበታለች፤ ድመቷም ጥላ ትሰብረዋለች። ኤታን ስብርባሪውን ገጣጥሞ ቦታው ይመልሰዋል፤ በማግስቱም ማጣበቂያ ፍለጋ ይሯሯጣል። ዚና ስታገኘው ታለቅሳለች። ብዙዎች በሳህኑ የተከለከለውን ፍቅር ብቻ ያያሉ፤ እኔ ግን ዚና ራሷ ያልኖረችው ትዳርም ይታየኛል። ያን ምዕራፍ ሲደግሙት የእርሷን ንግግር ቀስ ብለው ያንብቡት።