ዶከር ውስጥ ያስነሳኸው ዴስክቶፕ ብራውዘሩን ለምን ይገድለዋል?

ወንድሜ፣ «2 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨር ተከራይቼ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ) ላይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ አስነሳሁ፤ ብራውዘሩ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ይወድቃል፣ አማርኛውም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ቀለል ወዳለው ኦፕንቦክስ ልቀይር?» ላልከው፦ አትቀይር። እኔም አንድ ሰሞን ዴስክቶፕ ስቀያይር ከርሜ ነው ያወቅኩት፣ ራሙን የሚበላው ብራውዘሩ ራሱ ነው።

የሚገድለው ግን ሌላ ነገር ነው። ዶከር ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚሰጠው ሼርድ ሜሞሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የራም ክፍል) ካልነገርከው 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ፋየርፎክስም ክሮምም ሥራቸውን የሚቀባበሉት በዚያ በኩል ስለሆነ ከበድ ያለ ገጽ ሲመጣ ይሞላና ይወድቃሉ። ኮንቴይነሩን ስታስነሳ 1 ጊጋ ስጠው። የወሰደውን ያህል ከዚያው ከ2 ጊጋህ ስለሚቀነስ ግን አሥር ታብ አትክፈት። ሌላው ደግሞ፣ ከኡቡንቱ 22.04 ወዲህ በአፕት (በተለመደው የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) የሚጫነው ፋየርፎክስ ስናፕ ወደሚባለው ሌላ የመጫኛ ዘዴ የሚመራ ባዶ ፓኬጅ ነው፤ ስናፕ ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ አይሆንልህም። እኔ በዚህ ተማርሬ ዴቢያን ወደሚባለው ሌላ ሊነክስ ዞርኩ።

የአማርኛው ቀላል ነው፤ ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ኢሜጅ የኢትዮጵያ ፎንት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጨምርበት።

ያልጠየቅከው ግን የሚያሳስበኝ ፖርቱ ነው። ዴስክቶፑን ከሩቅ የምታይበትን የቪኤንሲ በር 5901ን እንዲሁ ለዓለም ከፍተህ ከሆነ ዛሬውኑ ዝጋው። የቪኤንሲ የድሮው ፓስወርድ ከ8 ፊደል በላይ ያለውን አይቆጥርም፤ ሃያ ፊደል ብትጽፍ ትርፉ ድካም ነው። እኔ በዩኤፍደብሊው (በሰርቨሩ ፋየርዎል) ዘግቻለሁ ብዬ ተኝቼ ነበር፤ አንድ ማታ ሎጉን ሳይ የማላውቃቸው አድራሻዎች በሩን ሲያንኳኩ አገኘሁ። ለካ ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ደንብ አይፒቴብልስ (የሊነክስ የኔትወርክ ማጣሪያ) ላይ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊውን አልፎት ይሄዳል! አሁን ፖርቱን 127.0.0.1 (ከሰርቨሩ ከራሱ ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ አስሬ በኤስኤስኤች ቶነል፣ ማለትም በተመሰጠረ መስመር፣ እገባለሁ።

የሆም ፎልደሩን ቮሊውም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቀር ማከማቻ) ላይ አድርገው። ኮንቴይነሩን አጥፍቼ እንደገና ስሠራ የሳምንት ሥራ አብሮ ሄዶብኛል፤ ከዚያ በላይ አላወራበትም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ትሸከማለህ ካልከኝ፣ ፒያሳ ያለው ቢሮአችን መብራት ሲሄድ እኔ ላፕቶፔን ይዤ አራት ኪሎ ካፌ እገባለሁ፤ የከፈትኳቸው መስኮቶች ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ ይጠብቁኛል። በሞባይል ዳታ ስትሆን የጀርባ ምስሉን ጥቁር አድርገው፣ የመስኮቶቹን ጥላና ግልጽነትም አጥፋ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል።

ሰዓቱንም ወደ አዲስ አበባ ቀይር። ኮንቴይነር ካልነገሩት የሚያሳየው ዩቲሲን (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል እሱ 6 ይላል። አንድ ባልደረባዬ ይህን አይቶ ለምሳ ተነስቶ ነበር።