ጉንዳኑን ተዪውና ደምሽን ተመርመሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 6ኛ ወሬን ይዣለሁ። ከ4ኛው ወር ጀምሮ ጣፋጭ ካልቀመስኩ አይሆንልኝም። ሻይ 4 ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አይጥመኝም። ሌሊት ተነስቼ ማር የምልስበት ጊዜም አለ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ አምና የእግር ጣቶቿ ተቆርጠዋል። ጎረቤቶቼ «ሽንትሽ ላይ ጉንዳን ከመጣ ስኳር ነው» ብለውኝ ባይ ባይ አንድም ጉንዳን የለም። ጤና ጣቢያም ሽንቴ ታይቶ ምንም የለም ተባልኩ። ስጋቱ ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ክኒን ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ ለሦስት ቀን ዋጥኩ። አማቴ ደግሞ አምሮት ካልተወጣ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይላሉ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ስለሆነ ሐኪም ቤት ከፋሲካ በኋላ ለመሄድ አስቤያለሁ። አምሮቱ የስኳር ምልክት ነው? ልጄስ ስኳር ይዞት ይወለዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ አምሮት ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እናትሽ እግር ላይ ነው። እንቅልፍ የነሳሽም እሱ ይመስለኛል፤ ከዚያው ልጀምር። የእግር ጣት የሚያስቆርጠው ለዓመታት ልጓም ሳይበጅለት የቆየ ስኳር ነው። ነርቭ ይደነዝዛል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ትንሽ ቁስል ሳትታወቅ ትቆይና ታመረቅዛለች። በእርግዝና የሚመጣው ስኳር ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ አብሮ ይሄዳል። በቀረሽ 3 ወር ውስጥ እግርሽን የሚነካው ነገር የለም።

አምሮትም በራሱ የስኳር በሽታ ምልክት አይደለም። ዘጠኙን ወር ጣፋጭ ሲያምራቸው ከርመው ደማቸው ደህና የሆነ ብዙ እናቶች አሉ። ስኳር ዞር ብለው ሳያዩ በሽታው የሚገኝባቸውም አሉ። ነገሩ የሚመጣው ከእንግዴ ልጅ ነው። ከሱ የሚወጡት ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ያዳክሙታል። ቆሽት ጨምሮ ማመንጨት ከቻለ ሴትየዋ ምንም ሳይታወቃት ትወልዳለች። ካልቻለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ በብዛት የሚያጋጥማት እናቷ ወይም አባቷ፣ ወንድሟ ወይም እህቷ ስኳር ያለባት፣ ከማርገዟ በፊት ክብደቷ የበዛ፣ ወይም ቀደም ሲል ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ የወለደች ሴት ናት። አንቺ እናትሽ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ የሻይሽ ማንኪያ ሁለተኛ ነው።

አሁን ወደ ጉንዳኑ። ከደጀን እስከ ዳንግላ ይህን ያልሰማሁበት ቦታ የለም። የተማረው ሰው ሳይቀር ጓሮ ጎንበስ ብሎ ጉንዳን ይፈልጋል። ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። ስኳሩ በጣም የከፋበት ሰው ሽንቱ ይጣፍጣል፣ ጉንዳንም ይወደዋል። ደም መመርመሪያ ባልነበረበት ዘመን የጥንት ሐኪሞችም ይህን ያዩ ነበር። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው በደም ያለው መጠን በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ጋን ሞልቶ እንደሚፈስ ማለት ነው። ነፍሰ ጡርን ግን «ስኳር አለብሽ» የምንላት ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ከ92 ጀምሮ ነው። በ92 እና በ180 መካከል ስንት ነገር ይሆናል! ጉንዳን ዝር አይልም። ጽንሱ ግን ያን ሁሉ ስኳር በእትብቱ እየተቀበለ ይወፍራል።

ደግሞ ተቃራኒውም አለ። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት ከወትሮው የበዛ ደም ያጣራል። ስለዚህ ደሟ ጤነኛ የሆነች ሴት ሽንት ላይም ጥቂት ስኳር ሊታይ ይችላል። ጉንዳኑ መጣም ቀረም ምንም አልነገረሽም። አንዲት ነፍሰ ጡር «ጉንዳን አየሁ» ብላ እያለቀሰች መጥታ ነበር፤ ደሟ ሲታይ ደህና ነው። ለካ ጓሮው ልጆች ሸንኮራ እየመጠጡ ምጣጩን የሚጥሉበት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉንዳኑን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ታዲያ በክረምት ስኳር የያዛት ሴት የለችም ልንል ነው? ሌላው ሽንቱን በጣቱ ቀምሶ የሚመጣ አለ። እሱን ልተወው።

የጤና ጣቢያው የሽንት ምርመራ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ኢንፌክሽን ይታይበታል፤ ፕሮቲን ከተገኘ ደግሞ ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር ስለሚያያዝ እንዳታቋርጪው። የስኳርን ነገር ግን የሚናገረው ደም ነው።

ክኒኑ ላይ ስደርስ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የእናትሽን ክኒን? በማን ትዕዛዝ? ስሙን እንኳ አልጻፍሽልኝም። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ስኳር የሌለበትን ሰው ደም ከልክ በታች ያወርዳል። ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አልፎም ራስ ያስታል፤ ወደ ጽንሱም ያልፋል። እንዲያውም የወረደ ስኳር የጣፋጭ ፍላጎትን ያብሳል። ስለዚህ በነዚያ ሦስት ቀናት አምሮትሽ ጨምሮ ከነበረ ምክንያቱን አትፈልጊ። ሜትፎርሚን ከሆነ እንዲህ አያወርድም፤ ግን እሱም ሐኪም የሚያዘው ነው እንጂ ከእናት መሶብ እንደሚቆረስ እንጀራ ግማሹን የሚወስዱት አይደለም። ካቆምሽ መድኃኒቱ ከሰውነትሽ ወጥቷል፤ አሁን በሱ አትጨነቂ። ለሚመረምርሽ ባለሙያ ግን «ወስጄ ነበር» ብለሽ ንገሪ። ሽፈራው፣ ግራዋ፣ የአብሽ ውሃ የሚያዝልሽም አይጠፋም። እሱንም እሺ እንዳትዪ።

«ከፋሲካ በኋላ» ያልሽውም አይሆንም። የምርመራው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። 6ኛ ወር ማለት እዚያው ላይ ነሽ፤ ፋሲካ ሲያልፍ 8ኛ ወር ልትገቢ ነው። እንዲያውም እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ገና በመጀመሪያው ክትትልሽ ደምሽ መታየት ነበረበት። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ማታ በልተሽ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ ጠዋት ትደርሻለሽ። ደም ይወሰዳል። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ትጠጫለሽ፣ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደም ትሰጫለሽ። ሳትበዪ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153። ከሦስቱ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ነው እንላለን። ይሠሩ እንደሆነ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ጠይቂ፤ ካልሆነ ደብረ ማርቆስ አለ። እስከዚያ ቢያንስ በባዶ ሆድሽ ጣትሽን ተወግተሽ ተለኪ።

ስኳር ቢገኝብሽስ? አብዛኞቹ በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ ይስተካከልላቸዋል። ካልተስተካከለ ኢንሱሊን አለ። ወደ ጽንሱ አያልፍም። «ኢንሱሊን አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» የሚባለው ለእርግዝና ስኳር አይሠራም፤ ብዙዎቹ በወለዱ ዕለት ያቆሙታል።

ልጅሽ ስኳር ይዞት አይወለድም። የምንፈራው ሌላ ነው። ስኳሩ ሳይታወቅ ከቆየ ልጁ ይወፍርና ትከሻው መውጫው ላይ ሊያዝ ይችላል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ የለመደው ስኳር ድንገት ስለሚቋረጥበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታል ውለጂ። በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት ስጪው፤ እንገሩ እንዳይደፋ። ቅቤ ላልስ የሚል ዘመድ ከመጣ በትሕትና መልሺው።

አማትሽን ደግሞ በክብር «ሐኪሙ እንዲህ አለ» በያቸው። አምሮት ስላልተወጣ ልጅ ላይ ምልክት አይወጣም።

ጎጃም ተቀምጦ ማር አትብሉ ማለት ድፍረት ነው። ነገር ግን ማር ከመቶ 80 እጁ ገደማ ስኳር ነው። መድኃኒት ነው ተብሎ በማንኪያ ሲላስ ደምሽ ማርን ከስኳር ለይቶ አያከብርም። እስክትመረመሪ የሌሊቱን ማርና ለስላሳውን ተዪ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ሻዩን ከ4 ማንኪያ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 1 አውርጂው፤ ምላስ ቶሎ ይለምዳል።

በሌሊት የሚያስነሳሽ ግን ከአምሮቱ ይልቅ ረሃቡ ይመስለኛል። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድሽን ውለሽ፣ ከዚያ እንጀራና ጣፋጭ ሻይ ካጋጠምሽበት ስኳርሽ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሌሊት ደግሞ ይጠራሻል። የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለነፍሰ ጡር ብዙዎቹ ያቀሉላታል። ከጾም ምግብ ሳትወጪም ይቻላል። ጠዋት የገብስ ቂንጬ፣ በመሃል አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ ምሳ ላይ እንጀራውን ቀነስ አድርገሽ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር። ከበላሽ በኋላ ተኛ ከማለት ትንሽ ወጣ ብለሽ ተራመጂ።

የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ፊትሽ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ሂጂ።

የእርግዝና ስኳር ከተገኘብሽ ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል። ብዙ እናቶች የሚጠፉብን እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ልጁ ወንድ ከሆነ ክርስትናው እንዳለፈ፣ ሴት ከሆነች ክርስትናዋ ሳይደርስ ማለት ነው። የሚቀለው ልጁን ለ45 ቀን ክትባት ስትወስጂ በዚያው የራስሽንም መጠየቅ ነው። ያኔ ደህና ብትሆኚም ስኳሩ ኋላ የመምጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣልና በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ተለኪ።