«ብረት ከነካው ይሠራጫል» ስለሚባለው

እናትዎ ጡት ላይ የማያም እብጠት መውጣቱን፣ ዘመድ ግን «ካንሰር ከሆነ፣ ናሙና ከተወሰደ ይሠራጫል» እያለ እንዳስቸገረዎት ጽፈው፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ታላቅ እህቴ በጡት ካንሰር በታመመች ጊዜ አዘዞ ቤታችን ውስጥ ይኸው ቃል ስምንት ወር ስላስቀመጠን የደረሰብንን ልንገርዎት።

1ኛ. አለማመሙ አያዘናጋችሁ። የሕዋስን መከፋፈል የሚቆጣጠሩ ዘረመሎች በየዘመኑ እየተበላሹ አንዲት ሕዋስ ልጓሟን ስትጥል፣ ከእርሷ የሚወጡትም ልጓም የሌላቸው ይሆናሉ። እብጠቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲሞላ በውስጡ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ «ገና ሽንብራ ታህላለች» የምንላት ይህችን ነበር። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም አብሬያት ተጠምቄአለሁ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አይከለክልም ነበር።

2ኛ. መንገዱን የሚከፍተው ብረት አይደለም። ሕዋሳቱ ራሳቸው የተነሡበትን ስስ ሽፋን ጥሰው ንፍፊቶችን ወደሚያገናኘው የሊምፍ ቧንቧና ወደ ደም ሥር ይገባሉ፤ ሐኪሞች ብብት ስር ንፍፊት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። እህቴ መርፌ እንኳ ሳይነካት ሁለት ንፍፊት ነበሯት።

3ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከምክር ይልቅ ብስጭቴ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ እብጠቱን «ስብ ነው» ብሎ ቆርጦ አወጣና ጣለው። ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለት ሥጋው በአጉሊ መነጽር ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ይላክ እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ሠራተኛ «ምን ያደርግልሃል፣ ልትቀብረው ነው?» አለኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልሁ፤ ያ ዝምታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወገቧን ሲያማት ወጌሻ አሸናት፤ «ሸክም ነው» ተባለ፤ ከጡቱ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከአጥንቷ ናሙና ተወስዶ ሲታይ የተገኘው የጡት ሕዋስ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፔጀት በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ከዘርና ከመሬት ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ወደ ደም ከሚገቡት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ የተመቻቸው አፈር ላይ የወደቁት ግን ይበቅላሉ። ደምቢያ ያደገው አባቴ ይህን ስነግረው «ጤፍ ገብስ ማሳ ውስጥ ቢወድቅም ጤፍ ሆኖ ነው የሚበቅለው» ብሎ ከእኔ ቀድሞ ገባው። መድኃኒቱም የሚመረጠው በዘሩ ነው፤ የእህቴ ሕዋሳት ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን የሚበረታቱ መሆናቸው ስለታወቀ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ያ የተጣለው ሥጋ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ከሁለት ዓመት በፊት እናውቅ ነበር።

ስለዚህ የእናትዎ ናሙና ሲወጣ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለበት ብልቃጥ ላይ ስማቸው መጻፉን በዓይንዎ ይዩ። የሁለተኛውን ጊዜ ብልቃጥ እኔ ራሴ በሁለት እጄ ይዤ በባጃጅ ነው ያደረስሁት፤ ተቀባዩ ቢቆጣኝም ደረሰኙን ሳልቀበል ከመስኮቱ አልተነሣሁም።