አንበሳውን ማን አበላው?

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ኢንቦክስ ላይ "ጋሼ፣ ዱር እንስሳት ላይ መስራት እፈልጋለሁ፣ ግን ባለስልጣን ወይ ሀብታም ካልሆንኩ ምን ዋጋ አለው?" አለችኝ። መልስ ልጽፍላት ብዬ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፣ የመጣብኝ ግን ምክር ሳይሆን የጊር ደን ነው።

ጊር ህንድ ነው፣ ጉጃራት። በኛ 70ዎቹ መጨረሻ ላይ በስኮላርሺፕ ህንድ ነበርኩ፣ ለፊልድ ወሰዱን። የእስያ አንበሳ ድሮ ኢራን ኢራቅ ሁሉ ነበረ፣ አሁን በዱር የቀረው እዛና ዙሪያው ብቻ ነው። የተረፈውም ደኑ ጁናጋድ የሚባለው አገር ገዢዎች፣ ነዋቦች የሚሏቸው የባቢ ስርወ መንግስት ሰዎች ግዛት ስለነበረና አደኑን በፈቃድ ስላደረጉት ነው። በ1900 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ያኔ ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ለአደን ተጋብዞ ሳይተኩስ ተመለሰ። በ1913 አንድ የደን ሹም ከ20 አይበልጡም ብሎ ጻፈ፣ ነዋቦቹ የእንግሊዝ እንግዳ "ላድን" እያለ እንዳያስቸግራቸው ቁጥሩን ሆን ብለው ያሳንሱት ነበር የሚሉም አሉ፣ ብልጠት አይደል? የመጨረሻው ነዋብ መሃባት ካን ደግሞ ውሻ ወዳድ ነበር፣ በ1947 ካራቺ ሲሸሽ ውሾቹን አውሮፕላን ላይ ጭኖ ነው የሄደው ይባላል።

እና አንድ ጠዋት ከብት አርቢዎቹ፣ ማልድሃሪዎቹ ጋ ሄድን። ከ1972 ጀምሮ ብዙዎቹን ከደኑ አስወጥተዋቸዋል፣ የቀሩት ጋ ነው። የጭቃ ቤቶች፣ ዙሪያው የእሾህ አጥር፣ ቁርጥ የኛ አገር በረት። የሚያልቧቸው ለማዳ ጎሾች ቀንዳቸው አይናቸው ላይ የተደፋ ነው። አንድ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ሻይ ቀዳልን፣ እሱ የራሱን ማስቀመጫው ላይ ገልብጦ እፍ እፍ እያለ ይጠጣል። አጥሩ ስር የደረቀ ደም አለ፣ ማታ አንበሳ ጥጃ ወስዶበታል። "ተናደድክ?" አልኩት በአስተርጓሚ። ሳቀ። "ነዋቡ ጠመንጃ ከለከለ፣ ያበላነው ግን እኛ ነን" አለኝ።

እኔ ደብተሬ ላይ የግጦሽ ስፋት እየጻፍኩ ነበር። ይሄን አልጻፍኩትም! ሪፖርቴ ላይ "አንበሳውን ነዋቦቹ አዳኑት፣ ስጋቱ ከብት ነው" አልኩ፣ ጥሩ ማርክም አገኘሁ። ከዚያ ቀደም የአንበሶቹ ዋና ምግብ የማልድሃሪዎቹ ከብት እንደነበር የሚያሳይ ጥናት እኮ አንብቤያለሁ።

አገሬ ገብቼ ደግሞ አንድ ፓርክ ወሰን ጥናት ላይ ያንኑ ገለበጥኩት፣ አርብቶ አደሩ ይነሳ ብዬ ፈረምኩ። ተነሱ። ሌባ አዳኝ ሲገባ ሮጠው የሚነግሩን እረኞቹ እንደነበሩ የገባን ከሄዱ በኋላ ነው፣ ተኩስ የሚሰማ ሰው አልነበረም፣ እኛ ሬሳውን ነው የምናገኘው፣ ያውም በአሞራ ተመርተን። ማንም አልጠየቀኝም፣ እድገትም አግኝቻለሁ።

ያም ሆኖ ቆራጥ ገዢ ባይኖር ጊር ዛሬ እርሻ ነበር፣ ይሄን አልክድም። በ2025 ቆጠራ አንበሶቹ 891 ደርሰዋል። ደግሞ ሽማግሌው ትዝ ሲለኝ ይሄንኑ ያልኩትን ልሰርዘው ያምረኛል፣ በቃ ሁለቱም ይቀመጥ።

የዛሬ ልጆች ድሮን ታስነሳላችሁ፣ ጎበዞች ናችሁ፣ ግን ሰው ጋ መቀመጥ ትሰለቻላችሁ። እኔም ያለስልክ ሰልችቼ ነበር ለካ። ጊር አጠገብ ጃምቡር የሚባል የሲዲዎች መንደር አለ፣ ዘራቸው ከአፍሪካ ነው፣ ድሮ ሀበሺ ይሏቸው ነበር፣ አስጎብኚው "ዘመዶችህ ጋ አትገባም?" ሲለኝ አውቶብስ እንዳያመልጠኝ ብዬ አለፍኩ።

ስለ ሲቪና ስለ እንግሊዝኛ ሌላ ሰው ይንገርሽ ልጄ። ስልጣኑን ተይውና መጀመሪያ ፊልድ ስትወጪ ጂፒኤሱን ከማውጣትሽ በፊት የሚቀዱልሽን ጠጪ፣ ወተቱ ሆድሽን ሊነካው ይችላል፣ መድሃኒት ያዢ።