ከፋይሉ ስም በስተጀርባ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የሚዘዋወሩ የቪዲዮ ፋይሎች ስማቸው በቁጥርና በምሕጻረ ቃል የተሞላ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሰረዝ ቀጥሎ አንድ የማላውቀው ስም አለ። እንዴት ነው የሚነበበው?

መልስ፦ ቅደም ተከተል አለው። «ርዕስ.2019.1080ፒ.ዌብ-ዲኤል.ኤች.264-እገሌ» የሚል ስም ቢያጋጥምዎ፣ መጀመሪያ የሥራው ርዕስና የወጣበት ዓመት ይመጣል። 1080 በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት መስመሮች ብዛት ነው። ከዚያ ፋይሉ የተገኘበት ምንጭ፣ ቀጥሎ ቪዲዮው የታመቀበት ኮዴክ (የማመቂያ ዘዴ) ይከተላል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ፋይሉን አዘጋጅቶ የለቀቀው ቡድን ስም ነው።

ጥራቱን ለማወቅ ከቁጥሩ ይልቅ ምንጩን ይመልከቱ። «ካም» ማለት ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተቀረጸ ነው። «ቲኤስ» ምስሉ ያው የካሜራ ሆኖ ድምፁ ግን ከሌላ የተሻለ ምንጭ በቀጥታ የተወሰደ ነው። «ዌብ-ዲኤል» ከቪዲዮ አገልግሎት እንዳለ የወረደ፣ «ዌብሪፕ» ደግሞ እንደገና የተጨመቀ ነው፤ በእያንዳንዱ ጭመቃ ከምስሉ የሆነ ነገር ይጠፋል። «ሪመክስ» ከብሉሬይ ዲስክ የወጣው ምስልና ድምፅ ሳይነካ ማሸጊያው ብቻ የተቀየረ ስለሆነ በአስር ጊጋባይቶች ይመዝናል። «ካም» ላይ 1080 ቢለጠፍበት የደበዘዘው ምስል አይጠራም፤ የደበዘዘው ነገር በትልቁ ይታያል እንጂ።

ጥቂት ሰው ብቻ ልብ የሚላት ምልክትም አለች። ኤች.264 በ2003 የወጣው የቪዲዮ ደረጃ ስም ነው፤ ኤክስ264 ግን በዚያ ደረጃ የሚያመቅ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ኤክስ264» የሚል ጽሑፍ ቪዲዮው እንደገና መጨመቁን ይጠቁማል።

ጥያቄ፦ «ፕሮፐር» እና «ሪፓክ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ያረመው ማን ነው የሚለው ነው። «ሲን» በሚባለው የለቃቂ ቡድኖች ዝግ ክበብ ውስጥ ቡድኖች ፋይሉን ቀድሞ ለመልቀቅ ይሽቀዳደማሉ፤ ዘግይቶ የመጣው «ዱፕ»፣ ማለትም ድግግሞሽ ተብሎ ይጣላል። ቀድሞ የወጣው እንከን ካለበት፣ ለምሳሌ ድምፁ ከምስሉ ካልገጠመ፣ «ኑክ» ይደረጋል፣ ማለትም እንከን ያለበት ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ምክንያቱም ይመዘገባል። ያን ጊዜ ሌላ ቡድን የተሻለውን «ፕሮፐር» ብሎ ያወጣል። ራሱ የተሳሳተው ቡድን ካረመው «ሪፓክ» ይባላል። የታረመው ነገር አብሮት በሚመጣው የኤንኤፍኦ ፋይል (የመግለጫ ጽሑፍ) ላይ ይጻፋል፤ በኖትፓድ ይከፈታል።

እነዚህ ቡድኖች የሚለቁት አብዛኛው ሥራ የባለመብቱ ፈቃድ የሌለው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2001) «ኦፕሬሽን ባካኒር» በተባለው ዘመቻ «ድሪንክኦርዳይ» የተሰኘው ቡድን አባላት በተለያዩ አገሮች ተይዘው፣ የተወሰኑት እስር ተፈርዶባቸዋል። የቡድን ስምም ዋስትና አይደለም፤ የታወቀን ስም ማንም ሰው በማንኛውም ፋይል ላይ ሊለጥፈው ይችላል።

ጥያቄ፦ በብዙ ቁራጭ የወረደ የራር (የታሸገ) ፋይል ስፈታ «ሲአርሲ» የሚል ስሕተት ይወጣል። ሁሉንም እንደገና ላውርድ?

መልስ፦ አያውርዱ። አብሮ የመጣ የኤስኤፍቪ ፋይል ካለ፣ በውስጡ የእያንዳንዱ ቁራጭ ስምና ከይዘቱ የሚሰላ ባለ 8 ፊደልና ቁጥር መለያ (ሲአርሲ32) ተጽፏል። በማረጋገጫ ፕሮግራም ሲከፍቱት የተበላሸውን ቁራጭ ለይቶ ያሳያል፤ ያንን ብቻ ይተኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ ማለትም «ራር» ወይም «ፓርት01» የሚለውን ብቻ ይፍቱ፤ ቀሪዎቹን ፕሮግራሙ ራሱ ይከተላል። የጎደለ ወይም በሌላ ስም የተቀመጠ ቁራጭ ካለ መፍታቱ እዚያው ይቆማል። ደግመው ባወረዱ ቁጥር የሚበላሸው ቁራጭ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፋይሉ ሳይሆን የኮምፒውተርዎ ሊሆን ይችላል፤ ራሙንና ዲስኩን ይፈትሹ።

ሲአርሲ32 በአጋጣሚ የደረሰን ብልሽት ይይዛል፤ ሆን ብሎ የነካካ ሰው ግን መለያውን አስመስሎ ሊሠራው ይችላል። ፕሮግራም ሲያወርዱ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሻ256 የተባለውን፣ ለማስመሰል የሚያስቸግረውን መለያ ይውሰዱ። 64 ፊደልና ቁጥር አለው። ሰቨን ዚፕ የተባለውን የማሸጊያ ፕሮግራም የጫነ ሰው ፋይሉ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጎ ማስላት ይችላል። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉን አይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት ቪዲዮ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ስሙም «ኤምፒ4» ይላል። ልክፈተው?

መልስ፦ አይክፈቱት፤ ሙሉ ፊልም በ2 ሜጋባይት አይገባም። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን (በስሙ መጨረሻ ዓይነቱን የሚናገሩትን ፊደላት) ስለሚደብቅ «ኤምፒ4» ከሚለው በኋላ «ኢኤክስኢ» ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ቪዲዮ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ዝርዝር ውስጥ የፋይል ቅጥያ ማሳያውን ያብሩና ያረጋግጡ። «ለማየት ይህን ኮዴክ ይጫኑ» ወይም «የይለፍ ቃሉን ከዚህ ገጽ ይውሰዱ» የሚልም ከሆነ፣ ሳይከፍቱ ያጥፉት።