መርከቧስ ምቹ ናት፤ ወደቡስ?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ በዊልቸር፣ በምርኩዝ ወይም በደከመ ጉልበት በክሩዝ መርከብ፣ ማለትም ለሽርሽር ከወደብ ወደብ በሚዞር የመንገደኛ መርከብ፣ ስለመጓዝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዊልቸር ተጠቃሚ ነው። የጉዞ ወኪሉ «አትጨነቁ፣ መርከቧ ለዊልቸር ምቹ ናት» ብሎናል። ከዚህ በላይ ምን እንጠይቅ?

ብዙ ነገር። መርከቧ ሊፍትና ሰፊ መተላለፊያ ኖሯት የእናንተ ካቢን (የመኝታ ክፍል) በር ግን ዊልቸሩን ላያስገባ ይችላል። በብዙ መርከቦች የመደበኛ ካቢን በር ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ለዊልቸር የተሠራው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ የዊልቸሩን ወርድ ከጎማው ጫፍ እስከ ጎማው ጫፍ ለኩ። ከዚያ ወኪሉን በቁጥር ጠይቁት። የካቢኑ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የመታጠቢያ ቤቱስ? ደፍ አለው? ሻወሩ ውስጥ ከነዊልቸር ይገባል ወይስ ገንዳ መሻገር አለ? ከአልጋው አጠገብ ዊልቸር የሚዞርበት ቦታ አለ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ደግሞም «ምቹ» ተብለው ከሚሸጡት ካቢኖች አንዳንዶቹ ጥቂት እርምጃ መራመድ ለሚችል ሰው የተሠሩ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት አላቸው እንጂ ዊልቸር አያዞሩም። ትክክለኛዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ። ቀናችሁን ከቆረጣችሁ አትዘግዩ።

ጥያቄ፦ የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን ማየት የረጅም ጊዜ ምኞቴ ነው። መራመድ አልችልም፤ ዊልቸሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከክሩዝ መርከቡ መውረድ እችላለሁ?

እውነቱን ልንገርዎ፤ የማይሆንበት ዕድል ይበዛል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ሳንቶሪኒ ላይ ወደ መሬት አይጠጉም። ባሕሩ ላይ ይቆሙና ሰው የሚወርደው ቴንደር በሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ነው። ጀልባው ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች በራሱ ጥቂት መራመድ የማይችል ሰው እንዲሻገር አይፈቅዱም፤ ከባድ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይከለከላል። ቢሻገሩም የደሴቲቱ ዋና ከተማ ፊራ ያለችው ገደሉ አናት ላይ ነው። ከድሮው ወደብ የሚወጣው በኬብል ካር ወይም ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ በመውጣት ነው።

ምኞትዎ ግን ይቅር አልልም። አቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ የሚነሡ መኪና ጫኝ መርከቦች ሳንቶሪኒ ሲደርሱ አቲኒዮስ በተባለው ወደብ ይጠጋሉ። ከዚያ እስከ ላይ የመኪና መንገድ አለ። ዊልቸር የሚጭን መኪና አስቀድመው ይዘው በዚያ መሄድ ይሻላል።

ይህን ለሌሎችም አንባቢዎች እላለሁ፤ ሰው መርከቧን ሲመርጥ ይደክማል፣ ወደቦቹን ግን ሳያይ ይከፍላል። በካሪቢያን ባሕር ያሉት ግራንድ ካይማንና ቤሊዝ ሲቲም በቴንደር የሚወረድባቸው ናቸው። እንደ ባርሴሎናና ኮፐንሀገን ባሉ ከተሞች ግን መርከቧ ራሷ ወደቡ ላይ ትጠጋለች። መውረድ የማያስፈልግባቸው መስመሮችም አሉ። አላስካ ውስጥ ግሌሸር ቤይ የሚገቡ የክሩዝ መርከቦች ሰው አያወርዱም፤ ሁሉም መንገደኛ የበረዶውን ግግር ከመርከቡ ላይ ሆኖ ያያል። የፓናማ ቦይ ጉዞም እንዲሁ ነው፤ የውሃው በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚታየው ከመርከቡ ላይ ነው። እነዚህን በጣም እወድላችኋለሁ፤ በዊልቸር ያለውም በእግሩ የቆመውም የሚያየው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ስኩተሬን (መራመድ ለሚቸግረው ሰው የተሠራ ባለ ባትሪ መንጃ ነው) ከምተኛበት ካቢን በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ማቆም እችላለሁ?

አይችሉም። ኮሪደሩ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው። ስኩተሩ ካቢን ውስጥ ነው የሚቆመውም ቻርጅ የሚደረገውም። ስለዚህ ሲለኩ እሱንም ይለኩ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምጓዘው። ማን ያግዘኛል?

ስትገቢና ስትወርጂ ሠራተኞቹ ያግዙሻል፤ አስቀድመሽ መናገር ግን አለብሽ። መርከቡ የሚነሣው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ወደብ ከሆነ ከክፍያ ነፃ እርዳታ የማግኘት መብት አለሽ። ደንቡ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንድታሳውቂ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ቦታ ስትይዢ አሳውቂ እላለሁ። አሜሪካም ቢሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በአገሪቱ ውሃ ላይ ያሉ በሌላ አገር የተመዘገቡ የክሩዝ መርከቦችንም እንደሚመለከት ወስኗል። መብትሽ ነውና አትሽኮርመሚ።

ማልበስ፣ ማጠብ፣ ከአልጋ ማንሣት ግን ሥራቸው አይደለም። ይህን የምትፈልጊ ከሆነ ሰው ይዘሽ ሂጂ። በገባሽበት ቀን ደግሞ አደጋ ቢደርስ ከፎቅ ፎቅ የሚያወርድሽ ማን እንደሆነ ጠይቂ። በዚያ ሰዓት ሊፍት ይሠራል ብለሽ አትመኪ።

ጥያቄ፦ የወንዝ ክሩዝ ይሻላል ወይስ የባሕር?

ለዊልቸር የባሕሩ። የወንዝ መርከቦች ትንንሽ ናቸው፤ ሊፍት የሌላቸው አሉ፣ ያላቸውም ላይ ብዙ ጊዜ ሁሉም ፎቅ አይደርስም። ወደብ ሲጣበብም ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ መሬት ለመድረስ በሌላ መርከብ ውስጥ አልፎ መሄድ ሊመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በምርኩዝ ትሄዳለች። ዊልቸር ሲባል ትቆጣለች። እንዴት ላሳምናት?

እንድትቀመጥበት አታስገድጃት። የትልልቅ መርከቦች ርዝመት ከ300 ሜትር ያልፋል። ከካቢን እስከ ምግብ አዳራሽ ያለውን መንገድ በቀን ሦስት ጊዜ መመላለስ ጤነኛውንም ያደክማል። የሚታጠፍ ዊልቸር ይዛችሁ ሂዱና ካቢን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲደክማት ራሷ ትጠይቅሻለች። ከመርከቡ እንዋሳለን ብለሽ ግን እንዳትተዪው፤ እዚያ ያሉት በአብዛኛው ለመግቢያና ለመውረጃ ብቻ ናቸው። ካቢኑን ሊፍት አጠገብ፣ ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ላይ ያዢላት። እዚያ መናወጡ ይቀንሳል፤ ኮሪደሩ ላይ የምትይዘው ብረት መኖሩንም አረጋግጪ።